አብዶሽ ያወቀብኝ

አብዶሽ መሞቱን የነገረኝ ሙክታር ልብስ ሰፊው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደወለና «ኢና ሊላሂ፤ አብዶሻችን ሄደ። ከዙህር ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን» አለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ አልኩ። ሐዘን አልነበረም የተሰማኝ፤ እፎይታ ነው። ስለ ሞተ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን «እውነቱን ተናገር» እያለ ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው ስለሆነ የሚቀየምበት ምክንያት የለውም።

ስድሳውን ያለፈ፣ ጺሙን በሒና የሚያቀላ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ፊት ለፊት «ጋሽ አብዶሽ፣ እርስዎ» እለው ነበር፤ ስለ እሱ ሳወራም «እሳቸው» ነበር የምለው። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቤ ስጠራው የኖርኩት እንደዚያ ነው። በሐረር ከተማ የሠራሁትን ነውር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ማክሰኞ ሞተ። እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሱቁ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ነበር። ጠባቡ መንገድ ግራና ቀኙን የልብስ ስፌት መኪና ተደርድሮበት ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ይውላል። አብዶሽ ከሰፊዎቹ መካከል፣ ከአንድ በር ብዙ በማትሰፋ ክፍል ተቀምጦ የተበላሸ ሁሉ ይጠግናል። መጀመሪያ ሬዲዮ ነበር፤ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ በኋላም ራውተር። እጁ የተባረከ ነው። ይህን ጠላቱም ይመሰክራል፤ እነሆ መሰከርኩ።

እቃ ስትሰጠው ከፍቶ አያይም። ግራ መዳፉን ይጭንበታል፤ እናት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደምትነካው። ከዚያ «እጅህ ምን ሠራ?» ይላል። «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምክንያቱም እንደዚያ ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው። በእኛ አገር የተበላሸ ነገር ሁሉ የተበላሸው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሹሮ ድስት ውስጥ የወደቀ ስልክ እንኳ መብራት ነው የገደለው። አብዶሽ «መብራት» የሚለውን ቃል ሲሰማ እቃውን በአንድ ጣቱ ወደ ባለቤቱ ገፋ ያደርግና «መብራት የሰበረውን መብራት ይጠግነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ ሽማግሌ ብትልክበት አይመለስም። ሌላም ሕግ ነበረው። እቃው የሰው ከሆነ ለእሱ መናገር አይበቃም፤ ባለቤቱ ተጠርቶ ከሰባሪው አፍ መስማት አለበት።

ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ግን «እጅሽ ምን ሠራ?» ባለ ቁጥር ግራና ቀኝ ያሉት የስፌት መኪናዎች አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ሰፊዎቹ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። መንገደኛውም ይቆማል። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ የልጃቸው ታብሌት ላይ ሻይ ደፍተው መጡና ሁለት ጊዜ «መብራት» ብለው ሁለት ጊዜ ከተገፋባቸው በኋላ፣ በሦስተኛው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሻዩን ተናገሩ። ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው ቆመው የሚሰሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ ሲያልፉ አላየኋቸውም። አብዶሽ ግን «እቃ አይዋሽም፤ ሰው ለምን ከእቃ ያንሳል?» ይል ነበር፣ ትልቅ ጥበብ የተናገረ እየመሰለው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከድሬ ጠያራ የመጣ ገበሬ የፀሐይ ባትሪ መብራቱን ይዞ ገባና ገና ሳይጠየቅ «እኔ ነኝ፣ በቢላ ከፈትኩት፣ ቀዩን ሽቦ በጥሼዋለሁ» አለ። አብዶሽ ብድግ ብሎ የራሱን በርጩማ ሰጠው፤ ወረፋ የምንጠብቀውን ሁሉ ትቶ ለእሱ ሠራለት። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረፋዬን ስለተቀማሁ ያንንም ቀን ጠላሁት።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ያኔ ቤታችን ጀጎል ውስጥ ከእትዬ ዘይነባ ቤት ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰን ነበር። በእኛ ፋሲካ ከእኛ፣ በእነሱ ዒድ ከእነሱ ሳህን እየሄደና እየመጣ ነው ያደግኩት። እትዬ ዘይነባ ባላቸው ሞቶባቸው አንዲት ልጃቸውን ሰሚራን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሰሚራ ፋርማሲ ተመርቃ ለሁለተኛ ዲግሪ የውጭ አገር ዕድል ፈልጋ ነበር፤ ፈተናውን አልፋ የቀራት በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። የስልክ ኢንተርኔት በዚያ ወፍራም ግንብ ውስጥ አንድ ፊት እንኳ ሳያሳይ ስለሚቆረጥ ተስፋዋ ሁሉ የቤቱ ራውተር ላይ ነበር።

እኔ ኮምፒውተር ተምሬ የተመረቅኩ፣ ሥራ የሌለኝ፣ አፌ ግን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። «ከፋብሪካ የመጣበትን ሶፍትዌር አውጥቼ የተሻለ እጭንበታለሁ፤ ሲግናሉ ግንቡን ሰንጥቆ እስከ ጓዳ ይገባል» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ይኸው እጽፈዋለሁ። ሰሚራን እወዳት ነበር። አልነገርኳትም። ስልኳን እያየች ፈገግ ስትል አያት ነበርና ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። አዲሱ ሶፍትዌር የትኛው ስልክ በስንት ሰዓት የትኛው ድረ ገጽ ላይ እንደገባ እየመዘገበ በግንቡ ማዶ ወዳለው ላፕቶፔ እንዲልክልኝ አድርጌ አዘጋጀሁት። ማንም ሳያየኝ፣ ቤቷ ውስጥ ዓይን ላስቀምጥባት ነበር። ነውሬ ይህ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ልጭን ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ የራውተሩን መልክ መንገር አለብኝ። እንደምታውቁት የሐረር ቤት ከረመዳን በፊት ይቀባል፤ ያን ዓመት እትዬ ዘይነባ ግድግዳውን አረንጓዴ ካደረጉ በኋላ ከሰንደዶ ስፌቶቹና ከሳህኖቹ መካከል የተሰቀለው ነጭ ራውተር ዓይናቸውን ወጋቸው። አወረዱና በተረፈው ዘይት ቀለም ፊቱንም ጀርባውንም ቀቡት። «መተንፈሻውን ትቼለታለሁ» ይሉ ነበር፣ ሲስቁባቸው። በዚያ ቀለም ሥር የራውተሩ ዓይነት ቁጥር አብሮ ተቀበረ። ያ ራውተር ስሙ አንድ ሆኖ በውስጡ ሦስት ዓይነት ነው፤ የአንዱ ሶፍትዌር ለሌላው አይሆንም። እኔ «ሁለት ቁጥር ነው» ብዬ ገመትኩ። ቀለሙን ፍቆ ማየት አምስት ደቂቃ አይወስድም ነበር። «ፋይሉ አይመጥንም፣ ልቀጥል?» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ቀጥል አልኩት። የራውተሩ መብራቶች ሁሉ ጠፉ፤ አንዷ ብቻ ትርገበገባለች። ብነቅለው፣ ብሰካው፣ ብለምነው ያው ነው።

ለእትዬ ዘይነባ «መብራት ሄዶ ሲመጣ መታው» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት አብዶሽ ዘንድ ሄድኩ። አረንጓዴውን ራውተር መዳፉ ሥር አስገባ።

«እጅህ ምን ሠራ?»

«ምንም። መብራት ሄዶ ሲመጣ—»

ጣቱ ራውተሩን ገፋው። «መብራት የሰበረውን መብራት ይጠግነው።»

«ጋሽ አብዶሽ፣ ቅዳሜ የአንዲት ልጅ ዕድል የሚወሰንበት ቀን ነው እኮ!»

«ወላሂ? ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?»

መኪናዎቹ ዝም ብለዋል። ሙክታር ከጎን «አቦ ዋርያ፣ ተናገርና ተገላገል» አለኝ። ደሜ ፈላ። «በሽታ አለብዎት» ብዬው፣ ራውተሩን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቄ ወጣሁ። ከኋላዬ ማንም አልሳቀም፤ መኪናዎቹ ብቻ መንገጫገጭ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ራሴ ልጠግነው ታገልኩ። አልሆነም። በግንቡ ማዶ ሰሚራ የእንግሊዝኛ መልሶቿን ጮክ ብላ ስታጠና ይሰማኝ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለስ ሱቁ በር ላይ ጠበቅኩት። ሲመጣ ጆሮው ሥር ሆኜ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ የማይመጥነውን ጫንኩበት። ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎትና ይሥሩልኝ» አልኩት።

ቁልፉን እየከፈተ «ለእኔ? እኔ ቄስህ ነኝ እንዴ?» አለ። «የእቃዋ ባለቤት ትምጣ።»

ሄጄ ጠራኋቸው። እትዬ ዘይነባ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ሰሚራ ከኋላቸው፣ መጡ። የተናገርኩትን አልደግመውም፤ መብራት እንዳልነበረ፣ ቁጥሩን ሳላይ እንደጫንኩ፣ ማስጠንቀቂያውን እንዳለፍኩት ተናገርኩ።  ሃያ ሰው ቆሟል።

«መብራቱ አልነበረም?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አልነበረም።»

«ሱብሃነላህ! ሁለት ቀን ሙሉ መብራቱን ስረግመው!» ሰው ሳቀ። ሰሚራ አልሳቀችም። «ነገ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ፤ ያቺን ድምፅ ከሳቁ ሁሉ በላይ ሰማኋት።

አብዶሽ ወዲያው ሥራ ጀመረ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጨርቅ አድርጎ የራውተሩን ሆድ ፈተገው፤ ከአረንጓዴው ሥር «ሦስት» የሚል ቁጥር ወጣ። ለእኔ አሳየኝ። ከዚያ ኃይሉን ከመብራት ሳይሆን ከባጃጅ ባትሪ እንዲያገኝ አዘጋጀ፤ በመሐል መብራት ቢጠፋ ለዘለዓለም ይሞታልና። ለካ እነዚህ ራውተሮች የቱንም ያህል ቢበላሹ ሲነሡ ለጥቂት ሰከንድ በገመድ የተያያዛቸውን ኮምፒውተር አንድ ፋይል ይጠይቃሉ፤ በሚጠሩበት ስም ተዘጋጅቶ ከጠበቃቸው ተቀብለው ይድናሉ። ያችን ቅጽበት ለማግኘት ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በቀጭን ነገር ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ሙክታር የስፌት መርፌ አቀበለው።

የሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ስለነበር ላፕቶፔን ጠየቀኝ። ፍላሽ ሰክቶ ትክክለኛውን ፋይል ሊገለብጥ የእኔን ማኅደር ሲከፍት አየሁት። እዚያው፣ ከጫንኩት ፋይል አጠገብ፣ ስልኳን እንዲመዘግብ ያዘጋጀሁት ትእዛዝ ነበር። ርእሱ ላይ በአማርኛ «የሰሚራ ስልክ» ይላል። ከፈተው። ረጅም ጊዜ አነበበው፤ ወይም ለእኔ ረጅም ነበር። ሰሚራ ከእኛ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማለች። 

ዘግቶ አጠፋው። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝና «ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም» አልኩት።

ጠበቀኝ። መኪናዎቹም ጠበቁኝ። ከዚያ ዞር ብሎ መርፌውን ቁልፏ ላይ ጫነ፤ ባትሪውን ሰካ። አንዷ መብራት ተርገበገበች፣ ሁሉም በሩ፣ ጠፉ፣ እንደገና በሩ። እትዬ ዘይነባ እልል አሉ። ሰሚራ እዚያው መንገዱ ላይ አለቀሰች። እኔን አብዶሽ «ሂድ» ብቻ አለኝ።

ቃለ መጠይቁ በሰላም አለቀ። ሰሚራ ሄደች፣ ተምራ ተመለሰች፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ትሠራለች። በየፋሲካው ከሁሉ ቀድሞ የሚደውልልኝ ሰው እሷ ናት። «ወንድሜ፣ ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለእኔ ብለህ ተዋረድክ» ትለኛለች። በተናገረችው ቁጥር አብዶሽን እጠላዋለሁ።

የጠላሁት ስላዋረደኝ ብቻ አልነበረም፤ ባለመናገሩም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስለ ሻይና ስለ ሹሮ ሲያናዝዝ የኖረ ሰው የእኔን ለምን ዋጠው? መያዣ አድርጎ አስቀመጠው ብዬ አሰብኩ። በአጋጣሚ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታዬን ተቀብሎ፣ ስለ ቤተሰቤ ሳይጠይቅ፣ «ሌላስ?» ይለኛል። እኔም «ሌላ የለም፣ ጋሽ አብዶሽ» ብዬ አልፋለሁ። አገባሁ፣ ከጀጎል ውጭ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ ግማሹ ምክንያት ኪራዩ ነበር፣ ግማሹ እሱን ላለማግኘት። እትዬ ዘይነባ ዘንድም ነገሩ እንደድሮው አልሆነም። በሐረር ቤት ሰው እንደ ክብሩ የሚቀመጥበት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ድሮ ከላይኛው መደብ ከጎናቸው ያስቀምጡኝ የነበሩት ሴት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሩ አጠገብ ያለውን ያሳዩኝ ጀመር። በራውተሩ ተቀይመው ነው አልኩ።

ሐሙስ ለቅሶ ደረስኩ። መኪና ግርግር ተዘግቶ ሰፊዎቹ ሁሉ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ የአንዱን ኑዛዜ እያነሣ ይሳሳቃሉ፤ ሟቹን የሚያነሡት በዚያ ነበር። ሙክታር ትከሻዬን ይዞ ለማያውቁኝ «ይሄ ዳዊት ነው። እንደሱ አድርጎ ሁሉንም ዘርግፎ የተናገረ ሰው አላየሁም ወላሂ» አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። የያዝኩትን ተምር ሳልበላ ሳህኑ ላይ መለስኩት። እፎይታዬ እዚያው ድንኳን ውስጥ አለቀ። የሚያውቀው ሰው ሞቷል፤ ውሸቱ ግን በሕይወት አለ፣ ይባስ ብሎም በክብር ተቀምጧል። ሬሳውንም ቢሆን ልሰድበው ቃጣኝ። ተነሥቼ በቀጥታ እትዬ ዘይነባ ቤት ሄድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳልጠየቅ ተናገርኩ፤ ሶፍትዌሩን ለምን እንደፈለግኩት፣ ምን እንዳዘጋጀሁ፣ የማንን ስልክ። ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። ስጨርስ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«አብዶሽ ቅዳሜውኑ መጥቶ ነግሮኛል። ሰሚራ ጨርሳ ስትወጣ፣ እዚሁ ደጃፍ ቆሞ። ‹ያዘጋጀውን አጥፍቼዋለሁ፣ ልጅሽ ሰላም ናት› አለኝ። ልጮህብህ ተነሣሁ። ‹ተይ፤ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል፣ ታገሺው› አለኝ። ሦስት ቀን እታገሣለሁ አልኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

«እኔ?» ድምፃቸው ወጣ። «እኔ ነኝ ዝም ያልኩት?»

እሳቸው ቀጠሉ።

«በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ይጠይቀኝ ነበር። ‹ነገረሽ?› ይለኛል። ‹አልነገረኝም› እለዋለሁ። ‹ይነግርሻል› ይላል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ፤ መናገር ደክሞታል፣ በዓይኑ ነው የጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩበት። አልነገረኝም አልኩት። ያንን ይዞ ሄደ።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም። ይቅርታ ብዬ ይሆናል። እሳቸው ሰሙኝም አልሰሙኝም፣ ከትራሱ ሥር ስልካቸውን አወጡ።

«ሰሚራ ታውቃለች?» አልኳቸው።

«አታውቅም። ቤቱ የእኔ ቢሆንም ስልኩ የእሷ ነው።» መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቁጥሩን ነኩና ስልኩን ዘረጉልኝ። «እኔ ሳልሞት ንገራት።»

ሥራ ላይ ስለሆነች አታነሣም ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሣች።